«እንደ ሲኦልም ቢሆን የራሳችን»፦ የማኑኤል ኬዞን አባባልና ትርጓሜው

«አሜሪካውያን እንደ ገነት ከሚያስተዳድሩት መንግሥት ይልቅ ፊሊፒናውያን እንደ ሲኦል የሚያስተዳድሩትን እመርጣለሁ።»

ይህን ያሉት ከ1935 ጀምሮ የፊሊፒንስ ኮመንዌልዝ፣ ማለትም በአሜሪካ ሥር ሆኖ ለነጻነት ይዘጋጅ የነበረው ራስ ገዝ መንግሥት ፕሬዚዳንት የነበሩት ማኑኤል ኬዞን ናቸው (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከእኛው «ያገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ» ጋር ይቀራረባል፤ አንድ ግን አይደለም። የእኛ ተረት አፈሩን የለመደው በሬ ሰርዶውን ይችለዋል ይላል፤ ስለ ችሎታ ይመሰክራል። ኬዞን በችሎታ አልተከራከሩም። ነገሩ ያለው ብዙ ጊዜ ተቆርጦ በሚቀረው ጅራቱ ላይ ነው፦ የፊሊፒናውያን መንግሥት የቱንም ያህል ቢከፋ እኛው ልንለውጠው እንችላለን።

መነሻው ፊሊፒንስ በአሜሪካ ቅኝ ግዛት ሥር ሳለች የአሜሪካ ምክር ቤት (ኮንግረስ) ያወጣው የ1916ቱ የጆንስ ሕግ ነው። ሕጉ ለፊሊፒንስ ነጻነት ቃል ሲገባ «የተረጋጋ መንግሥት ሲመሠረት» የሚል ቅድመ ሁኔታ አኖረ። ሕጉ እንዲወጣ ዋሽንግተን ውስጥ ደጅ ከጠኑት አንዱ ራሳቸው ኬዞን ነበሩ። ግን መንግሥት መቼ ነው ተረጋጋ የሚባለው? ፈራጁ ገዢው ነው። በ1921 ሌናርድ ዉድና ካሜሮን ፎርብስ የመሩት የአሜሪካ አጣሪ ልዑክ ደሴቶቹን ዞሮ ነጻነቱ ገና ነው አለ፤ ጄኔራል ዉድም እዚያው ጠቅላይ ገዥ ሆነው ተሾሙ። ትችታቸው ሁሉ ባዶ አልነበረም። የፊሊፒንስ ብሔራዊ ባንክ በፊሊፒናውያን አመራር ሥር ሳለ በብልሹ ብድር ሊወድቅ ደርሶ ነበር። በጁላይ 1923 ደግሞ ዉድ ከሥራ የታገደ አንድ አሜሪካዊ የማኒላ ፖሊስ መርማሪን ወደ ቦታው ሲመልሱ፣ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሩ ሆሴ ላውሬልና ሌሎቹ ፊሊፒናውያን የካቢኔ አባላት ሥራቸውን ለቀቁ፤ በወቅቱ የሴኔቱ ፕሬዚዳንት የነበሩት ኬዞንም ጠቅላይ ገዥውን ያማክር ከነበረው የመንግሥት ምክር ቤት ወጡ።

እንዲህ ባለ ሙግት «እኛም በደንብ እናስተዳድራለን» ብሎ መመለስ ወጥመድ ነው፤ አንድ ባንክ በከሰረ ቁጥር ነጻነቱ ይገፋልና። አባባሉ ሚዛኑን ራሱን አሽቀንጥሮ ይጥለዋል። ክፉ አስተዳዳሪን ማን ያወርደዋል? ዉድን የሾመው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ነው፤ የማኒላ መራጭ ሊነካቸው አይችልም።

ሙስና በተሰማ ቁጥር «ይኸው፣ ኬዞን የተመኙት ሲኦል መጣ» ማለት የተለመደ ስህተት ነው። ኬዞን ራሳቸው ሲያብራሩት፣ የፊሊፒናውያን መንግሥት ሲኦል ይሆናል ብዬ ማመኔ አይደለም፣ የባዕድ መንግሥት ገነት ይሆናል ማለቴማ ከቶ አይደለም ብለዋል። ትርጉሙም ያሳስታል፤ በእንግሊዝኛው «እንደ ሲኦል» ሰው ሲቆጣ የሚወረውረው፣ ምስቅልቅልን የሚገልጽ ቃል ነው። አማርኛ ውስጥ ሲገባ የኩነኔ ክብደት ይጨመርበታል።

የአባባሉ ደካማ ጎንም እዚያው ጅራቱ ላይ ነው። መለወጥ የሚቻለው ዘመነ ሥልጣን ሲያልቅ ነው። የ1935ቱ ሕገ መንግሥት ለፕሬዚዳንቱ አንድ የስድስት ዓመት ዘመን ብቻ ነበር የፈቀደው። በ1940 ተሻሻለና ዘመኑ አራት ዓመት፣ በድጋሚ ምርጫ እስከ ስምንት ዓመት ሆነ፤ ኬዞንም በ1941 እንደገና ተመረጡ። ስምንቱ ዓመት በኖቬምበር 1943 ሊሞላ ሲል አገሩ በጃፓን ተይዟል፣ እሳቸው ዋሽንግተን በስደት ናቸው። ምክትላቸው ሰርሂዮ ኦስሜኛ ተስማምተው ዘመኑን ያራዘመው የአሜሪካ ምክር ቤት ነው። የጦርነቱ ችግር እውነተኛ ነበር፤ ሆኖም አባባሉን የሚወድ ሰው ይህን ሊዘለው አይገባም።

ኬዞን ኦገስት 1 ቀን 1944 በኒውዮርክ ግዛት ሳራናክ ሌክ በሳንባ ነቀርሳ ሞቱ፤ ኦስሜኛ ተተኩ። በኤፕሪል 1946 ፊሊፒናውያን ድምፅ ሲሰጡ በሥልጣን ላይ የነበሩትን ኦስሜኛን አውርደው ማኑኤል ሮሃስን መረጡ። ነጻነቱ የታወጀው ከዚያ በኋላ፣ ጁላይ 4 ነው።