የእጅ ፈትል፦ ከእንዝርት እስከ ጋቢና ሹራብ

የእጅ ፈትል ጥጥን፣ የበግ ጠጉርን ወይም ሐርን በእንዝርት እያከረሩ ክር የማድረግ ሙያ ነው። በኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች ፈትሉ ከጥንት ጀምሮ የሴቶች፣ ሽመናው ደግሞ የወንዶች ሥራ ሆኖ ኖሯል። ዛሬም ሽሮ ሜዳ ሄደው ጋቢ ሲጠይቁ ባለሱቁ «ይሄ እኮ የእጅ ፈትል ነው» ካለ ዋጋው ከፍ ማለቱን ይወቁት። ገዢው ጋቢውን ዳሰስ ዳሰስ አድርጎ የሚያመሰግነው ግን ሸማኔውን ነው። ፈታይዋን የሚያነሳት የለም። የጨርቁ ልስላሴና ሙቀት ግን በአብዛኛው ያለቀለት ክሩ ሸማኔው ቤት ከመድረሱ በፊት ነው።

ሹራብ ወይም ዳንቴል የሚሠራ ሰውም አንድ ቀን እዚሁ ጥያቄ ላይ መድረሱ አይቀርም። ክሩ ከሱቅ ተገዝቶ ይመጣል፣ ቀለሙም ውፍረቱም ሌላ ሰው የመረጠው ነው። ታዲያ ለምን ራሴ አልፈትለውም? ሀገራችን ላይ ለዚህ ጥያቄ መልስ ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። እንዝርት አያት ቤት አለች።

የቆየ ሙያ

በ4ኛው ክፍለ ዘመን የአክሱሙ ንጉሥ ዒዛና በዛሬዋ ሱዳን ይኖሩ በነበሩት በኖባ ሰዎች ላይ ስላደረገው ዘመቻ ባስቀረጸው ጽሑፍ፣ ሠራዊቱ የእህልና የጥጥ ክምችት ማጥፋቱ ተጠቅሷል። ጥጡ የኖባ ሰዎች ነበር። ያም ሆኖ ጥጥ በአካባቢው ምን ያህል ውድ ሀብት እንደነበረ ከዚህ ይታያል። በአክሱም በተደረጉ ቁፋሮዎችም እንዝርት ላይ ይሰኩ የነበሩ ክብ ማክበጃዎች ተገኝተዋል።

ሽመናና ፈትል በአንድ ጨርቅ ላይ ቢገናኙም ማኅበረሰቡ ያያቸው የነበረው በአንድ ዓይን አይደለም። ሸማኔው እንደ ቀጥቃጩና እንደ ሸክላ ሠሪዋ ብዙ ስድብ ችሏል። ነገሩ ከመክፋቱ የተነሳ ዳግማዊ ምኒልክ ባለሙያን በሥራው መስደብን የሚከለክል አዋጅ እስከማስነገር ደርሰዋል። ፈትል ግን ከዚህ ንቀት አምልጧል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የመጡ የውጭ ተጓዦች የመኳንንት ሚስቶች ሳይቀሩ እንደሚፈትሉ ጽፈዋል። መፍተል የጨዋ ቤት ሴት ሙያ ነበር። ያው ክር ወንዱ እጅ ሲገባ ማሳፈሩ ነው የሚገርመው።

ለዚህ ክብር ሃይማኖቱም ሳይረዳ አልቀረም። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ትውፊት መልአኩ ገብርኤል እመቤታችንን ያበሠራት ሐርና ወርቅ እያስማማች ስትፈትል ነው። የብሥራቱን ሥዕል ልብ ብሎ ያየ ሰው ብዙውን ጊዜ እጇ ላይ ክርና እንዝርት ያያል። መጋቢት 29 ቤተ ክርስቲያን ስትሄዱ አስተውሉት።

ሽመና በጎንደር አካባቢ የቤተ እስራኤል ወንዶችም መተዳደሪያ ነበር። በደቡብ ደግሞ ዶርዜዎች በሽመና ስማቸው የገነነ ነው፤ አዲስ አበባ ሽሮ ሜዳን የሽመና ሰፈር ያደረጉትም ከጋሞ ደጋ የመጡ ሸማኔዎች ናቸው። እዚያም ቢሆን ወንዱ ሲሸምን ሴቷ ትፈትላለች።

ጥጥ እንዴት ክር ይሆናል?

ጥጥ ከነፍሬው ነው የሚመጣው። መጀመሪያ ይዳመጣል። ለስለስ ባለ ድንጋይ ላይ ጥቂት ጥጥ ይደረግና ቀጭን የብረት ዘንግ ከላዩ ይንከባለልበታል። ብረቱ ጥጡን ከሥሩ ሲያሳልፈው ፍሬው ተለይቶ ይፈናጠራል። ሥራው ቀላል ይመስላል፤ እስኪሞክሩት ድረስ። ብዙ ከተጫኑት ፍሬው ይደቅና ጥጡን ያበላሸዋል፣ ካልተጫኑት ደግሞ ፍሬው አብሮ ያልፋል።

ቀጥሎ ጥጡ ይነደፋል። ለዚህ የሚያገለግለው ደጋን ነው። የደጋኑ ጅማት ጥጡ ውስጥ ገብቶ በተመታ ቁጥር እየተንቀጠቀጠ የተጨማደደውን ጥጥ ይበትነዋል፤ አቧራውና ስብርባሪ ቅጠሉ ይራገፋል። በመጨረሻ የሚገኘው እንደ ደመና የተነፋ ነጭ ነገር ባዘቶ ይባላል። ልምድ ያላቸው ፈታዮች ባዘቶውን አይተው ክሩ ምን እንደሚመስል አስቀድመው ይነግሯችኋል። ባዘቶው ጓጎላ ካለው ክሩም ጓጎላ ይኖረዋል፤ በእንዝርት የሚታረም ነገር አይደለም።

እንዝርት ራሷ ምንም የተወሳሰበ ነገር የላትም። ቀጭን ዘንግ፣ ዘንጉ ላይ የተሰካች ከእንጨት ወይም ከቀንድ የተሠራች ክብ ማክበጃ፣ ጫፏ ላይ ደግሞ ቆልመም ያለች ብረት። ማክበጃዋ ሽክርክሪቱ ቶሎ እንዳይቆም ታደርጋለች። ፈታይዋ በግራ እጇ ባዘቶ ይዛ ከፍ ታደርጋለች። በቀኝ መዳፏ ዘንጉን ጭኗ ላይ አንከባልላ ትለቀዋለች። እንዝርቷ አየር ላይ እየተሽከረከረች ወደ መሬት ትወርዳለች፣ በግራ እጅ ጣቶች መሃል ያለው ባዘቶ ደግሞ እየሳሳ እየከረረ ይወጣል። እንዝርቷ መሬት ልትነካ ስትል ክሩ ዘንጉ ላይ ይጠቀለላል። ከዚያ እንደገና። ዘንጉ ሲሞላ የተጠቀለለው ክር ልቃቂት ሆኖ ይወጣል።

እዚህ ላይ ሁሉንም የምትወስነው የግራዋ እጅ ናት። የምታሽከረክረው ቀኟ ብትሆንም ምን ያህል ጥጥ እንደሚያልፍ የምትለካው ግራዋ ናት። ጣት ጠበቅ ካለ ክሩ ይበጠሳል፤ ላላ ካለ ደግሞ ጥጡ ሳይከር ዱብ ይላል።

ድርና ማግ

ሸማኔው ሁለት ዓይነት ክር ይፈልጋል። ድር በቁመት ተወጥሮ የመሸመኛውን ጉተታና ግጭት የሚችል ስለሆነ ጠንካራና በደንብ የከረረ መሆን አለበት። ማግ በአግድም ስለሚገባ ያን ያህል ስለማይጨነቅ ለስለስና ወፈር ማለት ይችላል። ጋቢን የሚያሞቀው ይኸው አየር የያዘ ማግ ነው፤ አራት ድርብ መሆኑም አለ።

የፋብሪካ ክር ሲመጣ መጀመሪያ የተነካው ድሩ ነው። ድሬዳዋ፣ አቃቂ፣ በ1953 ዓ.ም የተቋቋመው ባሕር ዳር፣ በኋላም ኮምቦልቻ ላይ የተተከሉ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች ቀጥ ያለና ዋጋው የማይጎዳ ክር ገበያ ላይ አበዙ። ሸማኔው በድር መበጣጠስ ከሚሰቃይ የፋብሪካውን መረጠ፤ አይፈረድበትም። ስለዚህ ዛሬ «የእጅ ፈትል» ተብሎ የሚሸጠው አብዛኛው ልብስ ድሩ የፋብሪካ፣ ማጉ የእጅ ነው። ይህ ማጭበርበር አይደለም። ግን ገዢው ቢያውቀው ጥሩ ነው።

አንድ ሸማኔ ሥራ እንዳይፈታ ብዙ ፈታይ ያስፈልገዋል፤ መሸመን ከመፍተል በጣም ይፈጥናልና። ፈታይዋ ደግሞ በአብዛኛው ቤቷ ሆና፣ ወጥ እየጠበቀች፣ ቡና እያፈላች ነው የምትሠራው። የሚከፈላት ለክሩ እንጂ ለሰዓቷ አይደለም። የፈትል ሥራ ገንዘብ የማይሞላው በዚህ ምክንያት ነው ብል አልተሳሳትኩም።

ከልብስ ውጭም ፈትል ብዙ ቦታ አለ። ጧፍ ውስጡ የጥጥ ፈትል ነው፤ ክሩ ሰም እየጠጣ ይወፍራል። የኩራዝ ክርም እንዲሁ ከጥጥ ይገመድ ነበር።

ብርዱ አገር፦ መንዝ

ጥጥ ቆላ ይወዳል፤ አዋሽ ሸለቆ፣ መተማ፣ ሁመራ፣ አርባ ምንጭ። መንዝ ላይ ግን ያለው በግ ነው። የመንዝ በግ ጠጉሩ ሻካራ ቢሆንም ብርዱን የሚችል ነገር ይወጣዋል። ጠጉሩ ተሸልቶ፣ ታጥቦና ተፈትሎ ባና፣ ዝተትና በርኖስ የሚባሉ ወፍራም ብርድ ልብሶችና ካባ ይሆናል። አብዛኛውን ጊዜ ቀለም አይነከርም፤ ጥቁሩ የጥቁር በግ፣ ነጩ የነጭ በግ ነው። በ1950ዎቹ ዓ.ም የተቋቋመው የደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ ፋብሪካ እዚያ ከተማ መተከሉም ከዚሁ ጠጉር ጋር የተያያዘ ነው።

አዲስ የመጣው ክር ደግሞ የጉሎ ሐር ነው። ትሉ የሚመገበው የጉሎ ቅጠል ነው፤ ጉሎ ደግሞ በየአጥሩ ሥር ይበቅላል። የመልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከል ትሉን እያረባ ሥራውን ለአርቢዎች አስተዋውቋል። የዚህ ትል ጎጆ አንድ ጫፉ ክፍት ስለሆነ እንደ ቻይናው ሐር አንድ ረጅም ክር ሆኖ አይተረተርም፤ እንደ ጥጥ መፈተል አለበት። ለእንዝርት የተፈጠረ ሐር ነው ማለት ይቻላል። አዲስ አበባ የሚገኘውና በ1996 ዓ.ም የተመሠረተው ሳባሃር የተባለ የሽመና ድርጅት ይህን ሐርና ጥጥ በእጅ አስፈትሎ እያሸመነ ይሸጣል።

ሹራብ ሠሪ እንዝርት ስታነሳ

ሹራብና ዳንቴል ከፈትል በኋላ የመጡ ሙያዎች ናቸው። የሴት ልጆች ትምህርት ቤቶች በእጅ ሥራ ክፍለ ጊዜ ያስተምሩት ስለነበር ብዙ እናቶች ኪሮሽ ያውቃሉ። ሬዲዮው ላይ ዳንቴል፣ ቴሌቪዥኑ ላይ ዳንቴል፣ ሶፋው ላይ ዳንቴል፤ የማን ቤት አልነበረም? ክሩ ግን የፋብሪካ ነው። ሲጠፋ አሮጌ ሹራብ ይተረተራል። ይህም አዲስ ብልሃት አይደለም። ድሮ ቀለም ያለው ክር ለጥለት ሲፈለግ ከባሕር ማዶ የመጣ ጨርቅ እየተተረተረ ክሩ ይወሰድ ነበር።

ለመማር ከተፈለገ በጥጥ ከመጀመር በበግ ጠጉር መጀመር ይሻላል። የጥጥ ጭረት፣ ማለትም ክር የሚሆነው እያንዳንዱ ቀጭን ዘለላ፣ በጣም አጭር ስለሆነ ትንሽ ከሳሳ ይለያያል። ጠጉር ረጅም ስለሆነ ጀማሪን ይታገሣል። እንዝርቷም ለጥጥ ቀለል፣ ለጠጉር ከበድ ብትል ይመረጣል። ክሩ ምን ያህል እንደከረረ ለማወቅ ቀላል ዘዴ አለ። ጥቂቱን ሳብ አድርጎ ማላላት ነው። ራሱ ላይ ከተተበተበ ብዙ ከሯል። ዝም ብሎ ከተለያየ ገና ነው። «ሲከር ይበጠሳል» የሚባለው እዚህ በትክክል ይሠራል።

ሲበጠስ ደግሞ መቋጠር አያስፈልግም። የተበጠሰውን ጫፍ ሳሳ አድርጎ አዲሱ ባዘቶ ላይ ማስደገፍና እንዝርቷን ማዞር ነው። ሽክርክሪቱ ሁለቱን ያያይዛቸዋል። ቋጠሮ የጀማሪ ምልክት ነው፤ እናቶች ካዩት ይስቃሉ።

ብዙዎች የሚሳሳቱት ግን ክሩ ተፈትሎ ካለቀ በኋላ ነው። የገበያ ልቃቂት ገዝተው በቀጥታ ሹራብ ይጀምሩበታል። ያ ክር ለማግ የተፈተለ ነጠላ ክር ነው። በአንድ አቅጣጫ ብቻ ስለከረረ የተሠራው ሹራብ ወደ አንድ ጎን ይጣመማል፤ አራት ማዕዘን ሊሠሩ አስበው የተጋደመ ነገር ያገኛሉ። መፍትሔው ሁለት ልቃቂት አንድ ላይ መግመድ ነው፤ ሲፈተል ወደ ቀኝ ከዞረ ሲገመድ ወደ ግራ። ሁለቱ ሽክርክሪቶች ይቻቻሉና ክሩ ረጋ ይላል፣ ጥንካሬም ያገኛል። ከዚያ ለብ ባለ ውኃ ዘፍዝፎ፣ ጨምቆ፣ ማድረቅ።

የመጀመሪያው ክር ወፈር ቀጠን ማለቱ አይቀርም፣ ስለዚህ ለትልቅ ሥራ አይመደብም። የብርጭቆ ማስቀመጫ፣ የማንቆርቆሪያ መያዣ፣ ወይም ወፈር ያለ ኮፍያ ይበቃዋል። የመንዝ ጠጉር አንገት ላይ ይኮሰኩሳል፤ ለቦርሳና ለወለል ምንጣፍ ግን የሚያክለው የለም። ለአራስ ልጅ ኮፍያና ጫማ የጉሎ ሐር ወይም ጥጥ ይሻላል። ጥጥ ላይ አንድ ነገር መታወቅ አለበት። እንደ ጠጉር ተስቦ አይመለስም፣ ከባድም ነው። የጥጥ ሹራብ እርጥብ እያለ ገመድ ላይ ከተሰቀለ ቁመቱ ጉልበት ይደርሳል፤ ፎጣ ላይ በቁመቱና በስፋቱ አስተካክሎ ዘርግቶ በጥላ ማድረቅ ነው።