«ከውጊያ ውጭ ደንብ» ምንድን ነው?

ተጫዋቾች የየራሳቸውን ገጸ ባሕሪ ይዘው በንግግርና በዳይስ ታሪክ በሚፈጥሩበት የሚና ጨዋታ ውስጥ ለድርድርና ለማግባባት ደንብ ይኑር (ከውጊያ ውጭ ደንብ የሚባለው ይኸው ነው) በተባለ ቁጥር አንድ አስተያየት ሰጪ አይጠፋም፦ «ንግግሩን ዳይስ ከወሰነው እኛ ምን ሠራን?» አንዴ ብቻ ብሰማው ባለፍኩት ነበር።

ደንቡ በተጫዋቹ ፈንታ አይናገርም። የፍርድ ቤት ሥነ ሥርዓት ሕግን አስቡ። ጠበቃው ምን ብሎ እንደሚከራከር አንድ ቃል አይጽፍለትም፤ ማን ቀድሞ እንደሚናገር፣ የማስረዳት ሸክሙ የማን እንደሆነ፣ መዝገቡ መቼ እንደሚዘጋ ነው የሚደነግገው። በፍርድ ያለቀ ጉዳይም ተመልሶ አይከፈትም፤ የዘቡን አለቃ ማግባባት አቅቶት ለአምስተኛ ጊዜ «እንደገና ልሞክር» የሚለውን ተጫዋች የሚያስቆመው ይኸው ነው። ሥነ ሥርዓት በሌለበት ዳኛው፣ ማለትም ታሪኩን የሚመራው የጨዋታ መሪ፣ ደስ ባለው ይፈርዳል። አንደበተ ርቱዑ ተጫዋች ያሸንፋል፤ ዓይን አፋሩ ግን ገጸ ባሕሪው ስመ ጥር አምባሳደር ቢሆንም ተረትቶ ይወጣል። ሰይፍ ለሚመዝ ገጸ ባሕሪ ተጫዋቹ ሰይፍ ያውቅ እንደሆነ የሚጠይቅ የለም እኮ! (በጨዋታው ይግባኝ የሚባልበት ስለሌለ ምሳሌዬ እዚህ ላይ ያነክሳል። ይሁን።) ዋጋ ለመጠየቅ ብቻ ሱቅ ለገባ ሰው ዳይስ አላስጥልም፤ ክርክር ሳይኖር መዝገብ አይከፈትም።

«ድሮ እንዲህ ያለ ነገር አልነበረም» የሚለውም ስህተት ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 በወጣው፣ ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ በተባለው ዝነኛ የሚና ጨዋታ መሠረታዊ (ቤዚክ) እትም፣ ጭራቅ ሲያጋጥም ሁለት ባለ ስድስት ገጽ ዳይስ ይጣላሉ፦ ድምሩ 2 ከሆነ ወዲያው ያጠቃል፣ ከ6 እስከ 8 ያመነታል፣ 12 ከሆነ ይወዳጃል። ድምሩ 2 የሚሆነው ከ36 አንዴ ነው። ስለዚህ ብዙውን ጊዜ ለመናገር ፋታ ይገኛል።

መጥፎ ደንብ መኖሩን አልክድም። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው የዚሁ ጨዋታ አራተኛ እትም ከውጊያ ውጭ ላለ ፈተና የቆጠራ ደንብ አመጣ፤ ቀላሉ ፈተና 2 ጊዜ ሳይከሽፍ 4 ጊዜ መሳካትን ይጠይቅ ነበር። እያንዳንዱ ሙከራ የመሳካት ዕድሉ ግማሽ ከሆነ ፈተናውን የማለፍ ዕድል 19 በመቶ እንኳ አይሞላም። በዚያው ዓመት የክሽፈቱ ገደብ 3 ተደረገ፤ በዚያው ግማሽ ዕድል ማለፉ ወደ 34 በመቶ ከፍ አለ። ያ አስተያየት ሰጪ የተማረረው በመጀመሪያው ቆጠራ ከሆነ እረዳዋለሁ፤ ያስመረረው ግን ሒሳቡ ነው።