የሲቢ ፋይበርግላስ አንቴና ምንድን ነው? አሮጌውንስ በምን እንለየዋለን?

የሲቢ ፋይበርግላስ አንቴና በ27 ሜጋኸርዝ አካባቢ ለሚሠራ፣ ሲቢ ለሚባል የተራ ዜጎች የሬዲዮ መገናኛ ተብሎ የተሠራ፣ በቤት ወይም በቢሮ ጣሪያ ላይ ቀጥ ብሎ የሚተከል፣ ከውጭ ሲያዩት ነጭ ዘንግ የሚመስል አንቴና ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ከስሙ ተነሥቶ ነው፤ ፋይበርግላሱ ሞገድ አያወጣም፣ አይቀበልምም። ሥራውን የሚሠራው በውስጡ የተዘረጋው ሽቦ ሲሆን፣ ፋይበርግላሱ ለጎራዴ እንደሚሆን አፎት ሽቦውን አቅፎ የሚያቆምና ከዝናብ የሚከልል ብቻ ነው። ስለዚህ የዘንጉ ንጣት ወይም ውፍረት ስለ አንቴናው ማንነት ብዙ አይናገርም።

ይህን በደንብ የተረዳሁት በከተማችን በጎንደር፣ አዘዞ ውስጥ አንድ ድርጅት አሮጌ ዕቃውን በጨረታ ባስወገደ ጊዜ ነው። ሁለት ነጭ ዘንጎች ከአሮጌ ቆርቆሮ ጋር ተጋድመው ነበር፤ ሻጩም ገዢውም አንድ ዓይነት ናቸው ብለው በአንድ ዋጋ ተስማምተው ነበር። ጎንበስ ብዬ ሳያቸው ግን አንደኛው ሦስት ቁራጭ በጥርስ የተገጣጠመበት፣ ከታች ወፍሮ ወደ ጫፉ እየቀጠነ የሚሄድ፣ ከአምስት ሜትር ትንሽ የሚበልጥ ዘንግ ነበር። ሁለተኛው አንድ ወጥ ሆኖ ከላይ እስከ ታች ውፍረቱ እኩል የሆነ፣ ሦስት ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ነበር። የመጀመሪያው የሲቢ አንቴና ነው፤ ሁለተኛው ግን በከተማችን ያሉ መሥሪያ ቤቶች ለመኪናና ለእጅ ሬዲዮ ሲጠቀሙበት የኖሩት የቪኤችኤፍ (ከሲቢ ከፍ ባለ፣ በ150 ሜጋኸርዝ አካባቢ ባለ ሞገድ የሚሠራ) አንቴና ነበር።

ልዩነቱን የሚወስነው የሞገዱ ርዝመት ነው። በ27 ሜጋኸርዝ አንድ ሙሉ ሞገድ 11 ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ የግማሽ ሞገድ አንቴና 5 ሜትር ተኩል፣ የአምስት ስምንተኛ ሞገድ አንቴና ደግሞ ወደ 7 ሜትር ይጠጋል። ሼክስፒር የተባለው የአሜሪካ ፋብሪካ የሠራው ቢግ ስቲክ እና የሶላርኮን ሥራ የሆነው አንትሮን 99 ከግማሽ ሞገዱ ወገን ናቸው፤ ኢማክስ 2000 ግን 7 ሜትር ከሩብ ያህል ስለሚረዝም ከረጅሞቹ ይመደባል። በ150 ሜጋኸርዝ ግማሽ ሞገድ አንድ ሜትር ብቻ ቢሆንም፣ በአንድ ዘንግ ውስጥ ብዙ ግማሽ ሞገዶች ተደራርበው ስለሚቀመጡ የቪኤችኤፍ ዘንግም ሊረዝም ይችላል። በመሆኑም ሜትር ብቻ ይዞ መፍረድ አይገባም፤ መገጣጠሚያውንና የኬብሉን መሰኪያ ማየት ያስፈልጋል። አንትሮን 99 ከሥሩ ሁለት የማስተካከያ ቀለበቶች ስላሉት፣ ጽሑፉ በፀሐይ ቢጠፋ እንኳ እነሱ ለመለየት ይረዳሉ።

ዕድሜውን ለመገመት የሚረዳው ከሥሩ የተለጠፈው ወረቀት ነው። አሜሪካ የሲቢን ቻናል ከ23 ወደ 40 ያሳደገችው እ.ኤ.አ. በጥር 1977 ስለሆነ፣ 23 ቻናል የሚል ጽሑፍ ያለበት አንቴና ከዚያ በፊት እንደተሠራ መገመት ይቻላል።

ስለ ጤንነቱ ብዙ መጠንቀቅ ይገባል። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ፀሐይዋ የፋይበርግላሱን የመስታወት ክሮች ያያዘውን ሙጫ ቶሎ ትበላዋለች፤ ሙጫው ሲያልቅ ክሮቹ እንደ እሾህ ብቅ ይላሉ። በባዶ እጅ የያዘው ሰው ቀኑን ሙሉ ሲያሳክከው ይውላል፤ ስለዚህ ጓንት ማድረግ ግድ ነው። በስስ የብርጭቆ ወረቀት አሸት አድርጎ ብረት ያልተቀላቀለበት ቀለም መቀባት ዕድሜውን ያራዝማል። የአዘዞውን ዘንግ ከሥሩ ወደ ላይ ቀና ሳደርገው በጫፉ በኩል ዝገት የመሰለ ውሃ ጠብ ጠብ አለ፤ ውጩ ግን አዲስ ይመስል ነበር። በቴስተር ብቻ መመርመርም አያጠግብም፤ አንዳንዱ አንቴና በሥሩ ባለው ጥቅልል ምክንያት ሾርት ያሳያል፣ ሌላው በአሠራሩ ክፍት ነው፣ ሁለቱም ግን ደህና ሊሆኑ ይችላሉ። ከአንቴናው ወደ ሬዲዮው የሚመለሰውን ኃይል የሚያሳየው የኤስ ደብሊው አር ሜትርም ቢሆን ውሃ የገባበት ረጅም ኬብል ኃይሉን ስለሚውጥ ጥሩ ቁጥር ሊያሳይ ይችላል፤ ስለዚህ ልኬቱ እዚያው አንቴናው ሥር፣ በአጭር ኬብል ቢደረግ ይሻላል።

አንቴናዎች ሲነጻጸሩ ደግሞ በማስታወቂያ ላይ የሚጻፈውን ትልቅ የዲቢ (ዴሲቤል፣ የሞገድ ብርታት ማነጻጸሪያ) ቁጥር አላምነውም። የአምስት ስምንተኛው ከግማሽ ሞገዱ የሚበልጠው ቢበዛ በአንድ ዲቢ ገደማ ነው፤ የሬዲዮው መርፌ አንድ ደረጃ ከፍ እንዲል ግን 6 ዲቢ ያስፈልጋል። በኮረብቶች መካከል ባለችው ከተማችን ፒያሳ ላይ ከቆመ ረጅም ዘንግ ይልቅ ጎሃ ኮረብታ ላይ የቆመው አጭሩ በእጅጉ ይበልጣል። ከሥሩ የመሬት ዘንጎች የሌሉት የግማሽ ሞገድ አንቴና የኬብሉን ቆዳ ጭምር አንቴና ስለሚያደርገው የጎረቤት ስፒከር ያስጮኻል፤ ኬብሉን ከአንቴናው ሥር ጥቂት ዙር መጠቅለል ይህን ይቀንሳል።

ለማስተላለፍ ከኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ፈቃድ ማግኘት ያስፈልጋል። ከዚያ በላይ የሚያሳስበኝ ግን የመብራት መስመር ነው። በአሜሪካ ከግንቦት 1983 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተሠሩ ወደ ሁሉም አቅጣጫ የሚያሰራጩ የሲቢ ቤዝ (በአንድ ቦታ የሚተከሉ) አንቴናዎች እስከ 14,500 ቮልት ድረስ ሰውን እንዲከላከሉ ሕግ ወጥቶባቸዋል፤ ከዚያ በፊት የተሠሩት ይህ ግዴታ አልነበረባቸውም። የእኛ 33 ሺህ ቮልት መስመር ከአንዱ ሽቦ እስከ መሬት 19 ሺህ ቮልት ስለሚደርስ፣ አዲሱም አንቴና ቢሆን ከተሠራበት ልክ ያልፋል፤ ፀሐይ የበላውና ውሃ የቋጠረው አሮጌማ ጨርሶ አይታመንም። ስለዚህ ከመትከል በፊት የአንቴናውንና የተሸካሚውን ቧንቧ ርዝመት ደምሮ፣ ወደየትኛውም ወገን ቢወድቅ ሽቦ የማይነካበትን ቦታ በሜትር ለክቶ መምረጥ ያስፈልጋል።