የደስታ በሽታ በኢትዮጵያ፦ ከክፉ ቀን እስከ ቢሾፍቱ

ደስታ በአገራችን አርቢዎች ዘንድ የቀንድ ከብት ወረርሽኝ ስም ነው። በሌላው ዓለም ሪንደርፔስት ይባላል። ከፈንጣጣ ቀጥሎ ከምድር ገጽ ሙሉ በሙሉ የጠፋ ሁለተኛው በሽታ፣ ከእንስሳት በሽታዎች ደግሞ የመጀመሪያው ነው። ይህ ዳሰሳ የበሽታውን ጠባይ፣ ወደ ኢትዮጵያ የገባበትን መንገድና የጠፋበትን ሂደት ባንድ ላይ ለማስቀመጥ የተዘጋጀ ነው። በቁጥጥሩ ውስጥ የደብረ ዘይት (የዛሬዋ ቢሾፍቱ) ተቋማት የነበራቸው ድርሻ ተገቢውን ያህል ስላልተነገረለት እዚያ ላይ ሰፋ ብሏል። ዓመተ ምሕረት ተብሎ ካልተጠቀሰ በቀር ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የበሽታው ጠባይ

ደስታን የሚያመጣው ቫይረስ ከሰው ኩፍኝ፣ ከበግና ፍየል ደስታ መሰል በሽታ እንዲሁም የውሾች ዲስቴምፐር ከሚባለው ጋር አንድ ቤተሰብ ነው። የሰው ኩፍኝ ራሱ ከከብት ጋር አብሮ መኖር ከተጀመረ በኋላ ከዚሁ ዘር እንደ ተለየ ይታመናል፤ መቼ ተለየ በሚለው ላይ ተመራማሪዎች አይስማሙም።

የታመመ ከብት መጀመሪያ ይተኩሳል፤ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ማመንዠኩን ያቆማል፣ ፀጉሩ ይቆማል፣ ዓይኑና አፍንጫው ያነባሉ፤ ፈሳሹ ውሎ ሲያድር ወደ መግል ይለወጣል። ሁለትና ሦስት ቀን ቆይቶ በታችኛው ከንፈር ውስጥ፣ በድዱና በምላሱ ሥር ፉርሽካ የተነሰነሰበት የሚመስል ነገር ይታያል። ባለሙያው ጣቱን ሰዶ ሲያብሰው ይላጣል፤ ከሥሩ ቀይ ሥጋ ይቀራል። ቀጥሎ የሚመጣው ተቅማጥ ነው፤ መጀመሪያ ውኃ፣ ኋላ ደም የቀላቀለና የሚከረፋ። ዓይኑ ጎድጉዶ፣ ጀርባውን አጉብጦ የቆመው ከብት ብዙውን ጊዜ ሕመሙ ከጀመረ ከ6 እስከ 12 ቀን ባለው ጊዜ ይሞታል። በሽታውን ከዚያ በፊት አይቶ በማያውቅ መንጋ ውስጥ ከገባ አሥር ከብት የነበረው ሰው አንድ ቢቀርለት ነው።

የኋላው ድል የተመሠረተው በቫይረሱ ድክመቶች ላይ ስለሆነ እነሱንም ማወቅ ያስፈልጋል። ቫይረሱ ከከብቱ አካል ውጭ፣ በተለይ በፀሐይና በደረቅ አየር፣ ብዙ አይቆይም፤ ለመተላለፍ የታመመና ጤነኛ ከብት መቀራረብ አለባቸው። ከበሽታው የዳነ ከብት ቫይረሱን በውስጡ ይዞ አይኖርም፤ ዳግመኛም አይያዝም። የዘር ሐረጉ ሦስት ቢሆንም አንዱን የሚከላከል ክትባት ሦስቱንም ይከላከላል። አባ ሰንጋ እንዲህ አይደለም፤ አፈር ውስጥ ዓመታት ያደፍጣል። አፍተግርም ዓይነቱ ብዙ ስለሆነ ለአንዱ የተሠራ ክትባት ለሌላው አይሆንም። ከከብት ወረርሽኞች ሁሉ ሊጠፋ የሚችለው ደስታ እንደ ነበረ ባለሙያዎች ቀድመው ያዩት ከዚህ ነው።

አገባቡና ክፉ ቀን

ብዙዎቹ የታሪክ ጸሐፍት በሽታው በ1887 መጨረሻ ገደማ በምጽዋ በኩል እንደ ገባ ይስማማሉ። በዶጋሊ የተመታው የኢጣልያ ጦር ተጠናክሮ ሲመለስ ለቀለብና ለጭነት ከባሕር ማዶ ከብት አስመጥቶ ነበር፤ በሽታው አብሮ መጣ። ከብቶቹ የመጡት ከሕንድ ነው የሚለው ይበልጥ የተለመደ ሲሆን ዓደንን የሚጠቅሱም አሉ። ሆን ተብሎ ነው የሚል ወሬም በሕዝብ ዘንድ ቆይቷል፤ ለዚህ ግን ማስረጃ የለም። ወደቡ ምጽዋ፣ አምጪውም ወራሪው ጦር መሆኑን ግን ብዙዎቹ ይቀበሉታል።

ከምጽዋ ተነሥቶ ትግራይን፣ ጎንደርን፣ ጎጃምን፣ ወሎን፣ ሸዋን አዳርሶ ወደ ደቡብ ወረደ። ከዚያም አህጉሩን ሰንጥቆ በ1896 ዛምቤዚን ተሻገረ፤ ደቡብ አፍሪካም ደረሰ። ከአሥር ዓመት ባነሰ ጊዜ ከቀይ ባሕር እስከ አህጉሩ ጫፍ መሆኑ ነው።

በእኛ አገር ይህ ዘመን ክፉ ቀን ተባለ፤ ከ1881 እስከ 1884 ዓ.ም. ያለው ጊዜ ነው። ከአገሪቱ ከብት ከመቶ ዘጠናው እንዳለቀ ይነገራል። በሬ የሌለው ገበሬ ማረሻው ቤቱ ተሰቅሎ ቀረ። መሬቱ አለ፣ ዘርም ለአንዳንዱ ነበረው፤ የሚጎትት ጠፋ። በዚያ ላይ ዝናም ቀረ፣ አንበጣና ተምች ተጨመረ። ታሪክ ጸሐፊው ሪቻርድ ፓንክረስት ከዘመኑ ተጓዦችና ሚሲዮናውያን ጽሑፎች ሰብስበው እንዳሳዩት ሰው በሃይማኖቱ የተከለከለውን የፈረስና የአህያ ሥጋ እስከ መብላት ደረሰ፤ የሞተውን የሚቀብር ጠፍቶ ጅብ በጠራራ ፀሐይ ይዞር ጀመር። ከሕዝቡ ሲሶው አለቀ የሚለው ግምት በሰፊው ይጠቀሳል። የሕዝብ ቆጠራ ባልነበረበት ዘመን ይህ ቁጥር ግምት ሆኖ ይቀራል፤ የጥፋቱን ስፋት ግን ማንም አልካደም።

ዐፄ ምኒልክ ጎተራቸውን አስከፈቱ። መቆፈሪያና ዶማ አሠርተው ለሠራዊቱና ለገበሬው አደሉ፤ ያለ በሬ መሬት መሥራት ነውር እንዳይመስል እሳቸውም በእጃቸው ይዘው ቆፈሩ፤ መኳንንቱም ተከተሏቸው። ዘመኑ ዐፄ ዮሐንስ በመተማ የወደቁበት፣ የውጫሌ ውል የተፈረመበት፣ ኢጣልያኖች ወደ ደጋው የወጡበት ነው። የኢጣልያን ግስጋሴ የሚተርኩ ጽሑፎች ብዙዎቹ ስለ ጦሩና ስለ ውሉ አትተው የበሬውን ማለቅ በአንድ ዐረፍተ ነገር ያልፉታል። በዚህ ዳሰሳ አዘጋጅ እምነት ይህ ትልቅ ጉድለት ነው። ስንቅ የሌለው አገር ጦር ማንቀሳቀስ አይችልም፤ ያን ጊዜ የኢትዮጵያ ስንቅ ደግሞ በበሬ ጫንቃ ላይ ነበር።

ከዚያ በኋላ በሽታው አገሩን አልለቀቀም፤ እስከ 1990ዎቹ አጋማሽ ድረስ በየአካባቢው እየተነሣና እየተኛ ኖሯል።

ክትባቱና የእንስሳት ሐኪሙ

በደስታ ላይ ከሠሩት ሁሉ ስሙ ቀድሞ የሚነሣው ዋልተር ፕላውራይት ነው። በ1923 በእንግሊዝ ተወልዶ በ1944 ለንደን ከሚገኘው የሮያል የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ተመረቀ። አብዛኛውን ትልቅ ሥራውን የሠራው ናይሮቢ አጠገብ በሙጉጋ ባለው የምርምር ጣቢያ ነው። ከእሱ በፊት የነበሩት ክትባቶች ቫይረሱን በፍየል ወይም በጥንቸል ውስጥ እያሳለፉ የተዳከሙ ነበሩ። የፍየሉ ክትባት ብዙ ከብት አድኗል፤ ለአንዳንዱ የከብት ዝርያ ግን ይከብደው ነበር፤ የሚያሳምመው፣ የሚገድለውም ነበረ።

ፕላውራይትና ባልደረባው ፌሪስ ቫይረሱን ከጥጃ ኩላሊት በተወሰደ ሕዋስ ላይ በብልቃጥ ማሳደግ ጀመሩ። መነሻው በ1910 ኬንያ ውስጥ ካቤቴ ላይ ከታመመ ከብት የተገኘ ኃይለኛ ቫይረስ ነበር። ከአንዱ ብልቃጥ ወደ ሌላው 90 ጊዜ ያህል ካዛወሩት በኋላ ማሳመሙን ትቶ መከላከያ መስጠቱን ግን ጠበቀ። ውጤቱ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ይፋ ሆነ። ክትባቱ ለሁሉም ዝርያ፣ ለጥጃም ለእርጉዝም የሚሆን ነበር፤ በርካሽ ይመረታል፤ አንድ ጊዜ የተወጋ ከብት ዕድሜውን ሙሉ ይጠበቃል። ፕላውራይት ኋላ በተማረበት ኮሌጅ ፕሮፌሰር ሆኖ አስተምሯል፤ በከብት ላይ ከጎሽ መሰሉ ዊልደቢስት የሚተላለፈውን ገዳይ በሽታና የአፍሪካ የአሳማ ወረርሽኝንም አጥንቷል። በ1999 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀበለ። የካቲት 2010 ሲያርፍ የበሽታው መጥፋት ሊታወጅ ዓመት ከጥቂት ወር ቀርቶት ነበር።

የክትባቱ ጉድለት አንድ ነበር፤ ሙቀት አይችልም። በደረቁ የተዘጋጀው ክትባት ከፋብሪካ እስከ በረት በበረዶ ሳጥን መጓዝ አለበት፤ በቀዝቃዛ ፈሳሽ ከተበጠበጠ በኋላ ደግሞ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ካልተወጋ ይጣላል። መኪና የማይደርስበት ቆላ ውስጥ ይህ ምን ማለት እንደሆነ የክትባት ዘመቻ የወጣ ሰው ያውቀዋል። ከብቱ ውኃ ፍለጋ ሌሊት ተነሥቶ ሄዷል፤ በረዶው ከረፋዱ ጀምሮ እየሟሟ ነው፤ ክራሹ (ከብት ለመከተብ የሚያዝበት ጠባብ መተላለፊያ) ውስጥ የገቡት ከብቶች ደግሞ ከተጠበቀው ሲሶ አይሞሉም።

ዘመቻዎቹ

የመጀመሪያው አህጉራዊ ዘመቻ ጄፒ 15 ይባላል፤ ከ1962 እስከ 1976 በደረጃ በደረጃ 22 አገሮችን አዳርሷል። ኢትዮጵያ የገባችው በኋለኞቹ ደረጃዎች ነው። በዘመቻው ማብቂያ በሽታው አህጉሩን የለቀቀ መሰለ፤ ክትባቱ ላላ፣ ገንዘቡ ቆመ። ጥቂት ኪሶች ግን ቀርተው ነበር። ከእነዚህም አንዱ በእኛው ምድር የነበረው ነው። ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በሽታው አገርሽቶ ምሥራቁንም ምዕራቡንም መታ።

በ1986 ፓርክ የተባለው የመላ አፍሪካ ዘመቻ ተጀመረ። ኢትዮጵያ ውስጥ መጀመሪያ የተሠራበት መንገድ የተገኘውን ከብት ሁሉ በየዓመቱ መከተብ ነበር። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ባለሙያዎች የወረርሽኙን አመጣጥ በካርታ ላይ ሲከተሉ ሌላ ነገር አዩ። በደጋ የሚነሣው ወረርሽኝ እዚያው ነድዶ ያልቃል፤ የሚቀጣጠለው ከቆላ በንግድና በግጦሽ ከሚወጣ ከብት ነው። ቫይረሱ ዓመቱን ሙሉ የሚኖረው ሰፊና ተንቀሳቃሽ መንጋ ባለበት በአርብቶ አደሩ አካባቢ፣ በተለይ በአፋር ነበር። ደጋውን በየዓመቱ መውጋት ገንዘብ ከመጨረስ ሌላ ጉዳትም ነበረው፤ ከክትባት የመጣን መከላከያ ከበሽታ ከመጣው በደም ምርመራ መለየት ስለማይቻል በሽታው እንዳለና እንደሌለ መለየት አስቸጋሪ ሆነ።

በዚሁ ጊዜ ገደማ የአሜሪካ ተመራማሪዎች የፕላውራይትን ክትባት አደራረቅ አሻሽለው ያለ በረዶ እስከ 30 ቀን የሚቆይ አደረጉት። ያኔ ክትባቱ ከመኪና ወርዶ በግመልና በእግር መሄድ ቻለ። በ1994 በአፋር 20 ከማኅበረሰቡ የተመረጡ ሰዎች ሠልጥነው 73 ሺህ ያህል ከብት ከተቡ፤ ኋላ በተደረገው የደም ምርመራ ከተከተቡት 83 በመቶው መከላከያ አብጅቶ ተገኘ። ሠልጣኞቹ መንጋው የት እንዳደረ ያውቃሉ፤ ከብቱን ለመያዝ ክራሽ አይፈልጉም፤ ባለቤቱም አይሸሻቸውም። በሐኪሞች መካከል ግን ማንበብ የማይችል ሰው መርፌ ይያዝ አይያዝ የሚለው ብርቱ ክርክር ሆኖ ነበር። ውጤቱ ክርክሩን ዘጋው ማለት ይቻላል። የአፋር አርብቶ አደር ደስታን ከሌላ በሽታ ለይቶ ማወቁም በምርመራው ሥራ ትልቅ እገዛ ሆኗል። በኢትዮጵያ የመጨረሻው ወረርሽኝ የታየው በ1995 ነው።

ከዚያ በኋላ የነበረው ሥራ ሰው ብዙም አያየውም፤ ከክትባቱ ያልተናነሰ ድፍረት ግን ጠይቋል። ከበሽታው ነፃ መሆን የሚረጋገጠው ክትባት ቆሞ፣ ዓመታት ደም እየተቀዳ፣ ወጣት ከብቶች መከላከያ እንደሌላቸው ታይቶ ነው። ክትባት ይቁም ብሎ የፈረመ ሐኪም በሽታው ቢመለስ ተጠያቂ ነበር። በዓለም ላይ የመጨረሻው በሽታ የተረጋገጠው በ2001 ኬንያ ውስጥ ሜሩ ብሔራዊ ፓርክ በነበረ ጎሽ ላይ ነው። የዓለም የእንስሳት ጤና ድርጅት ግንቦት 17 ቀን 2003 ዓ.ም. ሁሉም አገሮች ነፃ መሆናቸውን አጸደቀ፤ በቀጣዩ ወር ሮም ላይ የምግብና እርሻ ድርጅት (ፋኦ) ጉባኤ መጥፋቱን አወጀ።

የቢሾፍቱ ድርሻ

ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት በ1960ዎቹ አጋማሽ በፈረንሳይ እርዳታ በደብረ ዘይት ተቋቋመ። የደስታን ክትባት በአገር ውስጥ ያመረተው እሱ ነው። ዛሬ የአባ ሰንጋ፣ የአባ ጎርባ፣ የጎሮርሳ፣ የሳምባ በሽታ፣ የቆዳ ጉርብርብና ሌሎች ክትባቶችን ለአገሪቱ ያቀርባል፤ ለጎረቤት አገሮችም ይልካል። ያለ እሱ ዘመቻዎቹ በውጭ ምንዛሪ እጥረት ይታነቁ ነበር።

በ1979 በዚያው ከተማ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ፋኩልቲ ተከፈተ። ከዚያ በፊት የኢትዮጵያ የእንስሳት ሐኪሞች የሚማሩት ውጭ አገር ነበር። ከፋኩልቲው የወጡት ወጣቶች ብዙዎቹ የተመደቡት በወረዳ ነው፤ በፓርክ ዘመን ደም የቀዱት፣ የሞተ ከብት ከፍተው ያዩት፣ ሪፖርት የጻፉት እነሱ ናቸው። መምህራኑም ከክፍል ውጭ በመስክ ጥናቱ ተሳትፈዋል።

ሦስተኛው ፓንቫክ ነው፤ የዛሬው የአፍሪካ ኅብረት የእንስሳት ክትባት ማዕከል። ሥራው የየአገሩ ፋብሪካ የሚያወጣውን ክትባት በገለልተኝነት መመርመር ነበር። ክትባቱ ደካማ ሆኖ ሳለ ከብቱ ተከተበ እየተባለ ዘመቻ እንዳይከሽፍ የተደረገው በዚህ ነው። መጀመሪያ በዳካርና በደብረ ዘይት ሁለት ቦታ ሠርቶ በ1993 በደብረ ዘይት ተጠቃለለ፤ በ2004 የአፍሪካ ኅብረት አካል ሆነ።

በሽታው ቢጠፋም ቫይረሱ በላቦራቶሪ አለ። በየአገሩ ተበትኖ የነበረውን ናሙና ማጥፋት ወይም ጥበቃ ወዳላቸው ጥቂት ቦታዎች መሰብሰብ እስካሁን የቀጠለ ሥራ ነው። በአፍሪካ ይህ ኃላፊነት በይፋ የተሰጠው ለፓንቫክ ነው፤ የአህጉሩ የደስታ ክትባት መጠባበቂያም የተቀመጠው ቢሾፍቱ ነው።

አሁን ዓለም በ2030 ለማጥፋት ያቀደው የደስታን ዘመድ፣ የበግና ፍየል ደስታ መሰል በሽታን ነው። ለዚህኛውም አንድ ጊዜ ተወግቶ የሚበቃ ክትባት አለ፤ በቢሾፍቱም ይመረታል። ነገር ግን በግና ፍየል ቶሎ ቶሎ ይወልዳሉ፣ ቶሎ ይሸጣሉ፤ ዘንድሮ የተከተበ መንጋ ከሁለት ዓመት በኋላ ግማሹ አዲስ ነው።