«ኤዲት ያልተደረገውን ስጠኝ»

ፎቶ ቤት ከከፈትኩ ጀምሮ ያልለቀቀችኝ አንዲት አባባል አለች። «ኤዲት ሳታደርግ እውነተኛውን ስጠኝ።» እሺ። ግን እውነተኛው የቱ ነው?

ባለፈው ጥር አንዲት የሙሽራ እናት «አልበሙ እስኪደርስ አልጠብቅም፣ ገና ያልነካካኸውን አሳየኝ» አሉ። አሳየኋቸው። «ውይ! ምነው የኔ ልጅ፣ ልጄን እንዲህ ታጠቁርብኝ?»

እማማ፣ እኔ አልነካኋትም። ያጠቆራት ካሜራው ነው። የካሜራ ብርሃን መለኪያ ፊቱ ያለውን ነገር ሁሉ መካከለኛ ግራጫ አድርጎ ነው የሚገምተው። ነጭ ቬሎ፣ ነጭ ነጠላ፣ ነጭ ግድግዳ ሲደቀንበት «ብርሃኑ በዛ» ይልና ይቀንሳል። ቬሎው ግራጫ ይሆናል፤ ጠይሙ ፊት አብሮት ይሰምጣል። በእርግጥ እዚያው ማስተካከል ነበረብኝ፤ በሚዜ ግፊያ መሀል ረሳሁት። ቤት ገብቼ ብርሃኑን ስመልሰው ግን ልጅቷ ራሷን ሆነች። እውነቱ የመጣው በኤዲት ነው።

የድሮው የቀለም ፊልምም ያው ነበር። ኮዳክ ለፎቶ አጣቢዎች የሚልከው «ሸርሊ ካርድ» የሚባል የቀለም ማመሳከሪያ ነበረው። ካርዱ ላይ ያለችው ሴት ለብዙ ዓመታት ነጭ ነበረች። በወላጆቻችን አልበም ፊቱ ጠፍቶ ጥርሱ ብቻ የሚታይ ሰው ካለ ሁሉንም በፎቶ አንሺው አታሳብቡ።

ስልካችሁማ ከእኔ የባሰ ነው። ማታ አንዴ ስትጫኑት ብዙ ፎቶ አንስቶ ያዋህዳል፣ ያለሰልሳል፣ ያደምቃል። ማንንም ሳያስፈቅድ። ከዚያ «ይሄ እኮ ኤዲት የለውም» ትሉኛላችሁ።

ታዲያ ኤዲት ሁሉ ንጹሕ ነው? የለም። ያችው ብርሃን የመለስኩባት መቆጣጠሪያ ትንሽ ስትገፋ «ቀላ አድርገኝ» ለሚለው ደንበኛ ውሸት ትሆናለች። አንድ ልጅ ለመታወቂያ ፎቶ የግንባሩን ጠባሳ አጥፋልኝ ብሎኝ እምቢ አልኩት። ብጉር ቢሆን አጠፋለት ነበር። ብጉር በሳምንት ይሄዳል፤ ጠባሳው አብሮት ይኖራል። ተኮርፌ ቀረሁ።

«ውሸት የመጣው ከፎቶሾፕ ጋር ነው» የሚሉኝም አሉ። ፎቶሾፕ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1990 ነው። የሶቪየቱ የደኅንነት ሹም ኒኮላይ የዦቭ እ.ኤ.አ. በ1940 ተገድሎ፣ ከስታሊን ጎን ከቆመበት ፎቶ ላይ ሲፋቅና ቦታው በውሃ ሲሞላ ኮምፒውተር የት ነበር?

«ባለሙያ በዓይኑ ይለያል።» እኔ ሁልጊዜ አልለይም።

«ያልተነካ ፎቶ አይዋሽም።» እ.ኤ.አ. በ1917 ሁለት የእንግሊዝ ልጃገረዶች ከወረቀት የተቆረጡ ክንፋም ሥዕሎችን በሹል መርፌ አቁመው፣ የተረት ክንፋም ፍጥረቶች ናቸው ብለው ፎቶ ተነሱ። ነጋቲቩን ያየ ባለሙያ አልተነካካም አለ፤ አገር ጉድ አለ። ልጃገረዶቹ ወረቀት መሆኑን ያመኑት እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ፣ አሮጊቶች ሆነው ነው።

ስለዚህ ፎቶ ሲደርሳችሁ «ተነካ ወይ?» ከማለታችሁ በፊት «የት? መቼ?» በሉ። ያንኑ ፎቶ ኢንተርኔት ላይ የሚፈልገው ጎግል ሌንስ ላይ ጣሉት፤ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። አማቼ ባለፈው ክረምት የጎርፍ ፎቶ በቴሌግራም ላከልኝ። «የእኛው ሰፈር ነው፣ ኦሪጅናል ነው፣ ኤዲት የለውም» ይላል። ፈለግኩት። የእስያ ከተማ ነው፣ ያውም የዛሬ ስንት ዓመት።

ኤዲት እንኳን አልነበረውም።