የድሮ የአርኬድ ዝላይ ጌም በብራውዘር

ፕላትፎርም ጌም ሲያዩት ቀላል ነው። አንድ ትንሽ ሰውዬ ከወለል ወለል ይዘላል፣ መሰላል ይወጣል፣ ከሚንከባለልና ከሚበር ነገር ሁሉ ያመልጣል። የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ፣ ሳንቲም እየበሉ በሚሠሩ፣ ቁም ሣጥን በሚያህሉ፣ አርኬድ በሚባሉ ማሽኖች ላይ ነው። ዛሬ እነዚያው ጌሞች ምንም ሳይጫን ብራውዘር ውስጥ ይከፈታሉ። ምስሉም ድምፁም አብሮ ይመጣል። ሳንቲሙ ግን የለም። ይህ ደግሞ ጨዋታውን ከሚታሰበው በላይ ይለውጠዋል።

በ1980 የወጣውን ስፔስ ፓኒክን ብዙዎች የዘርፉ መጀመሪያ ይሉታል። ወለልና መሰላል ነበረው፣ ጭራቆቹ በጉድጓድ ይጠመዱ ነበር። መዝለል ግን አይቻልም። ዝላይን የጨዋታው ልብ ያደረገው በ1981 የመጣው የኒንቴንዶ ዶንኪ ኮንግ ነው። ነዳፊው ሺገሩ ሚያሞቶ ነበር። መነሻው ደግሞ ኪሳራ ነው፦ ሬዳር ስኮፕ የሚባል ጌም አሜሪካ ውስጥ ገበያ አጥቶ ስለቀረ፣ ለተከማቹት ማሽኖች ሌላ ጌም አስፈለገ። አንድ ጆይስቲክ፣ አንድ የዝላይ ቁልፍ፣ አራት መድረክ። በቃ ይኸው ነው።

ከዚያ በኋላ በላይ በላዩ መጡ። በ1986 የወጣው የታይቶ ባብል ቦብል ለሁለት ሰው የሚመች ደስተኛ ጌም ነው። በ1985 የወጣው የካፕኮም ጎስትስ ኤን ጎብሊንስ ግን ጨካኝ ነው። ጀግናው አንዴ ሲመታ ጥሩሩ ተበትኖ በውስጥ ሱሪ ይቀራል፣ ሁለተኛው ምት ይገድለዋል። ጨረስኩ ሲሉ ደግሞ ከመጀመሪያው እንደገና ጀምሩ ይላል! ጭካኔው ዝም ብሎ የመጣ አይደለም። ማሽኑ የሚያተርፈው ተጫዋቹ ሲሞትና ሌላ ሳንቲም ሲከት ነው። ቶሎ ካልሞተ ባለቤቱ ይከስራል፣ ያለ አግባብ ከሞተ ደግሞ ተጫዋቹ ተናዶ ይሄዳል። ጎበዝ ነዳፊ የሚለየው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ነው።

ታዲያ ይህ ሁሉ ብራውዘር ውስጥ እንዴት ገባ? አንዱ መንገድ ጌሙን ብራውዘር በሚረዳው የፕሮግራም ቋንቋ፣ በጃቫስክሪፕት፣ እንደ አዲስ መጻፍ ነው። ሌላው ኢሙሌተር ነው። ኢሙሌተር ጌሙን አይጽፈውም፣ የማሽኑን ቺፖች ያስመስላል። ለምሳሌ ዶንኪ ኮንግ ወደ 3 ሜጋኸርዝ በሚጠጋ ዜድ 80 ፕሮሰሰር ነበር የሚሠራው። ኢሙሌተሩ ያንን ፕሮሰሰር ሆኖ ይተውናል፣ ከዋናው ቺፕ የተቀዳውን ፕሮግራም፣ ማለትም ሮሙን፣ ያነባል። የአርኬድ ኢሙሌተሮች አውራ ሜም (MAME) ነው። ጣሊያናዊው ኒኮላ ሳልሞሪያ በ1997 ያወጣው ይህ ፕሮግራም ለኮምፒውተር ነበር የተሠራው። ወደ ብራውዘር ያሻገረው ኤምስክሪፕተን የተባለ መሣሪያ ሲሆን፣ ሲ በሚባለው ቋንቋ የተጻፈን ፕሮግራም ወደ ጃቫስክሪፕት ይቀይራል። ኢንተርኔት አርካይቭ የተባለው የዲጂታል ቤተ መዛግብት በ2014 በዚህ መንገድ ወደ 900 የሚሆኑ የአርኬድ ጌሞችን በብራውዘር አስከፈተ። ከ2017 ወዲህ ደግሞ እንዲህ ያሉ ፕሮግራሞችን በብራውዘር በፍጥነት የሚያሠራው ዌብ አሴምብሊ በዋና ዋናዎቹ ብራውዘሮች ስለገባ ፍጥነቱ ብዙም አያሳስብም።

ኢሙሌተር ስህተቱንም ሳይቀር ያመጣል። ዶንኪ ኮንግ ሌቭል 22 ላይ ሲደርስ ለመድረኩ የሚሰጠው ጊዜ ሲሰላ 260 ይሆናል። ቁጥሩ የሚቀመጥባት አንድ ባይት ከ255 በላይ መያዝ ስለማይችል ቁጥሩ ዞሮ 4 ይሆናል። ተጫዋቹ መድረኩን ሳያጋምስ ጊዜው አልቆ ይሞታል። ብራውዘር ውስጥም እንዲሁ ነው። እንደ አዲስ የተጻፉት ቅጂዎች ግን ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት ዝላዩ ላይ ነው። በዋናው ጌም አየር ላይ አቅጣጫ መቀየር አይቻልም፣ ትንሽ ከፍ ካለ ቦታ መውደቅም ይገድላል። ሰውዬው አየር ላይ እንደ ልቡ ከታጠፈ የያዛችሁት ቅጂ ነው።

ወደ ቁልፎቹ እንምጣ። ሜም ላይ ሳንቲም የሚከተው ቁጥር 5 ነው፣ የሚያስጀምረው ቁጥር 1። ብዙ ጀማሪ ይህን ሳያውቅ ጌሙ አልሠራም ብሎ ይዘጋዋል። ዋናው የጨዋታ ቁልፍ፣ ለምሳሌ የዶንኪ ኮንግ ዝላይ፣ የግራ ኮንትሮል ነው። ይህ ለብራውዘር መጥፎ ምርጫ ነው፤ ኮንትሮል ተይዞ ሳለ ደብልዩ ከተነካ ታቡ ከነጌሙ ድርግም ይላል። ቁልፎቹን ቀድሞ መቀየር ይሻላል። ድምፅ ከሌለ ስክሪኑን አንዴ ክሊክ ማድረግ ነው፤ ብራውዘሮች ሰው ሳይነካቸው ድምፅ ማሰማት አይወዱም። አንዳንድ ርካሽ ኪቦርዶች ሦስት ቁልፍ አንድ ላይ ሲጫኑ አንዱን ይውጣሉ። ጌምፓድ ካለ ይሰካ፣ አብዛኞቹ ብራውዘሮች ያውቁታል። በስልክ መጫወት ይቻላል፣ ግን ጣት ያለ ቁልፍ መስታወት ላይ ዝላይ ሲለካ ያስጠላል።

ከሁሉ የሚከብደው መዘግየት ነው። ጌሙ በሰከንድ 60 ያህል ምስል ያሳያል፣ ለእያንዳንዱ ወደ 17 ሚሊሰከንድ ብቻ ይደርሰዋል። የድሮው ማሽን ቁልፉ ሲነካ ወዲያው ይዘላል። ብራውዘር ውስጥ ግን ኪቦርዱ፣ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ፣ ብራውዘሩና ስክሪኑ ትንሽ ትንሽ ይቆርሳሉ። ድምር ውጤቱ ሰውዬውን በርሜል ላይ ይጥለዋል። ሌሎች ታቦችን መዝጋት ይረዳል፣ ቴሌቪዥን ላይ ከሆነ ደግሞ የጌም ሞድ ማብራት።

ሳንቲሙን በተመለከተ፣ ሲሞቱ በአዲስ ሳንቲም ካሉበት መቀጠል የሚፈቅድን ጌም 5ን ደጋግሞ በመጫን እስከ መጨረሻው መግፋት ይቻላል። ለእኔ ይህ ጌሙን ማየት እንጂ መጫወት አይደለም። አንድ ሳንቲም ብቻ ከትቶ የት እንደሚደርሱ መሞከር የነዳፊውን ሐሳብ ያሳያል። መድረኩን ለመለማመድ ከሆነ ግን ጌሙን በደረሱበት ቦታ አስቀምጦ በኋላ ከዚያው የሚያስቀጥለው የኢሙሌተሩ ማስቀመጫ ግሩም ነገር ነው። ፋይሉ ብራውዘሩ ውስጥ ከተቀመጠ የብራውዘር ዳታ ሲጸዳ አብሮ እንደሚጠፋ ብቻ አይረሳ።

ሕጉም አለ። ኢሙሌተር መሥራት በራሱ ወንጀል አይደለም፣ ሮም ያለ ፈቃድ ማሰራጨት ግን የቅጂ መብት ጥሰት ነው። ኒንቴንዶ በ2018 ሮም የሚያከፋፍሉ ሁለት ድረ ገጾችን ባለቤቶች ከሶ ከ12 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተፈርዶለታል። ስለዚህ ባለቤቶቹ ራሳቸው ያቀረቡትን ወይም በነፃ የተለቀቀውን መምረጥ ይመረጣል። ከመጫወታችሁ በፊት ፕሮግራም አውርዱ የሚል ገጽ ካጋጠመ ደግሞ ወዲያው ዝጉት፤ ብራውዘር ላይ የሚሠራ ጌም ምንም ማውረድ አያስፈልገውም።