ራሱን የሚቃረን ንግግር ምንድን ነው?

ያጸናውን መልሶ ራሱ የሚያፈርስ ንግግር ወይም ጽሑፍ ራሱን ይቃረናል እንላለን። በተለምዶ «ቃሉ ተጣረሰ»፣ «ቃሉ ተፋለሰ» ይባላል። ሕጉን አርስቶትል እንዲህ አስቀምጦታል፦ አንድ ነገር በአንድ ጊዜ፣ በአንድ ረገድ፣ ሆኖም ሳይሆንም ሊገኝ አይችልም።

ብዙ ሰው ጊዜውንና ረገዱን ይዘነጋና ያልተጋጨውን ተጋጨ ይላል። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ ከእሷ 600 ሜትር ያህል ዝቅ ትላለች። ከደሴ የተነሳ ሹፌር ሁለቱን ከተሞች የሚያገናኘውን የሐረጎን መንገድ «ቁልቁለት ነው» ቢል፣ ከኮምቦልቻ የተነሳው ደግሞ «አቀበት ነው» ቢል ሁለቱም ልክ ናቸው። ኮምቦልቻም ለደሴ ሰው ትሞቃለች፣ ከአፋር ቆላ ከሚሌ ለመጣ ትቀዘቅዛለች። ያው ሹፌር ግን «ትናንት በሐረጎ ወጣሁ» ብሎ ቆይቶ «ትናንት ሐረጎን አልረገጥኩም» ካለ ተቃርኖው ይህ ነው፤ አንደኛው ቃል የግድ ሐሰት ነው። ሐሳቡን የለወጠ ሰው፣ ወይም ተናግሮ ያልፈጸመ ሰው ግን ከዚህ አይቆጠርም።

ጽሑፍ ላይ የአማርኛ መጥበቅና መላላት አይታይምና «ነዳጅ የለም አለ» የሚል መልእክት የተጣረሰ ይመስላል። «አለ» ከላላ «የለም ብሎ ተናገረ» ማለት ነው፤ ከጠበቀ «ይገኛል» ይሆናል፣ ያኔ ከ«የለም» ጋር ይጋጫል። ስለዚህ ከመፍረድ በፊት አንብቦ ማሰማት ይገባል።

ክርክር ላይም መጠንቀቅ ያሻል። «የፒያሳ ሱቆች ሁሉ ክፍት ናቸው» ለሚል ሰው «ሁሉም ዝግ ናቸው» ብሎ መመለስ ትርፍ ነው፤ ግማሾቹ ተከፍተው ከሆነ ሁለታችሁም ተሳስታችኋል። የእሱን ቃል ለማፍረስ አንድ የተዘጋ ሱቅ ይበቃል።

ትልቁ ጉዳት የሚደርሰው በውል ላይ ነው። አንድ የኪራይ ውል በአንቀጽ 2 «ለ2 ዓመት ይጸናል» ይልና በአንቀጽ 5 «ከመስከረም 1 ቀን 2016 እስከ ጳጉሜን 5 ቀን 2016 ዓ.ም.» ይላል፤ ይህ 1 ዓመት ብቻ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የአምናው ውል ተገልብጦ አንዱ መስመር ብቻ ሲታረም ይፈጠራል። አከራይና ተከራይም እያንዳንዳቸው የሚጠቅማቸውን መስመር ይዘው ይካሰሳሉ። መድኃኒቱ ዘመኑን በአንድ አንቀጽ ብቻ መጻፍ፣ ሌላው ቦታ «በአንቀጽ 2 በተመለከተው ጊዜ» ማለት፣ ከመፈረም በፊትም ቀኑን፣ ገንዘቡንና የሰዎቹን ስም ብቻ ለይቶ ከላይ እስከ ታች ማመሳከር ነው።